በሀጂ ስም የገባው

ኢንስፔክተር ሠርካለም ፎቶውን ያየችው ለአፍታ ብቻ ነው። ስልኩን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ተነስታ የቢሮዋን በር ዘጋች። ፎቶው ላይ ጸጉሯን የለቀቀች፣ እጅጌ የሌለው ቀሚስ የለበሰች ወጣት እጇን ሰቅላ ትጨፍራለች። በሌላ ሰው ቤት ቢሆን ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፎቶ ነበር። በዚህች ልጅ ቤት ግን ቤት የሚያፈርስ ነው፤ ላኪውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከሥሩ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ሠርጉ ይቅር። ካልቀረ እሑድ ሙሉው ቪዲዮ በሰፈሩ ቴሌግራም ይለቀቃል።»

«መቼ ነው የመጣው?»

«ትናንት ጠዋት። ሱቄን ከፍቼ ሳልጨርስ።»

ዱንያ ሽኩር ሸማ ተራ አካባቢ የሙሽራ ልብስ ትሸጣለች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ፎቶው ላይ የምትጨፍረውና አሁን ነጠላ ጫማዋን እያየች የተቀመጠችው አንድ ሰው መሆናቸውን ለማመን ያስቸግራል።

«ሠርጉስ መቼ ነው?»

«እሱም እሑድ ነው።»

«ቪዲዮው ላይ ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ?»

«አርባ ሁለት ሴቶች ነን። ያለፈው ረቡዕ የሂና ቀኔ ነበር። ግቢው ውስጥ ወንድ የሚባል አልነበረም። ሁሉም የተገለጡት እኔን አምነው ነው።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ለእኔስ ይሁን። እነሱን ምን ብዬ አያቸዋለሁ?»

ሠርካለም ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆና ሠርታለች። ሬሳ አንስታ መጥታ ምሳዋን የምትበላ ሴት ናት። እንዲህ ያለውን ነገር ግን መልመድ አልቻለችም። ነፍሰ ገዳይ ቢያንስ ፊት ለፊት መጥቷል፤ ይሄኛው ሰው በሰው ጓዳ ተደብቆ የሚያሸትት ነው።

«ማን ቀረጸው?»

«ሰልሰቢል የምትባል ሴት። የሴቶች ድግስ ብቻ ነው የምትቀርጸው። ሲያልቅ የካሜራውን ካርድ እዚያው አውጥታ ለሙሽራዋ እናት ትሰጣለች፣ ቅጂ አታስቀምጥም። ሥራዋ እንደዚያ ስለሆነ ነው ሁሉም የሚጠሯት። ካርዱ እስከ ዛሬ እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ከየት ወጣ?»

«ከሰርቨሩ ይመስለኛል። ሐሙስ ዕለት ብርሃኑን አስተካክዬ እዚያ አስቀመጥኩት። ካርዱ ላይ ያለው ጨለማ ነው፤ የተላከልኝ ፎቶ ግን እኔ ያስተካከልኩት ነው።»

ሠርካለም ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። በእንባ መሐል እንዲህ የሚያስብ ሰው ደስ ይላታል።

«እዚህ መምጣትሽን ማን ያውቃል?»

«እናቴና ወንድሜ ሙናዊር። ለሌላ ለማንም አልተነፈስኩም። ሙናዊር ፖሊስ ጋ አትሂጂ ብሎኝ ነበር። ሠርጉ ቢቀር ይሻላል፣ ስማችን ይበልጣል ነው የሚለው።»

የላኪው ቁጥር አዲስ ነው። ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣ በደብዳቤ ተጠይቆ መልስ እስኪመጣ ዱንያ ልጅ ወልዳ ክርስትናም ባይሆን ስም ታወጣለታለች። ያለው ጊዜ አምስት ቀን ነው። ሠርካለም ኮቷን አነሳች።

*

የሀጂ ሽኩር ቤት ከአማኑኤል ወረድ ብሎ፣ የብረት በሩ አረንጓዴ የተቀባ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ሰርቨር የሚሉት ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል፤ የጫማ ካርቶን የሚያህል ጥቁር ሣጥን ነው። ሆዱ ውስጥ ሁለት ሀርድ ዲስክ አለ። የቤተሰቡ ሁሉ ፎቶና ቪዲዮ በቤቱ ዋይፋይ እዚያ ይጠራቀማል። የተገዛው የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ ዕለት ነው።

«ለምን ገዛችሁት?» ስትል ሠርካለም እናቲቱን ጠየቀቻቸው።

«ለደህንነት ነዋ» አሉ ወይዘሮ ሀፍሷ። ሃምሳዎቹን ሊጨርሱ የተቃረቡ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። «የሠርግ ነገራችን ፎቶ ቤት እጅ ከሚገባ፣ ሰው ስልክ ላይ ከሚዞር፣ ቤታችን ይሁን አልን።»

ሠርካለም ምን ትበላቸው።

ሳጅን ኢየሩስ የምትባለውን የጣቢያውን የኮምፒውተር ባለሙያ ይዛ መጥታ ነበር። ሆን ብላ ነው ሴት ያመጣችው። ኢየሩስ ላፕቶፗን ከሣጥኑ ጋር አገናኝታ ሩብ ሰዓት ያህል ስትጎረጉር ቆየችና ጠራቻት።

«ሣጥኑ ማን መቼ እንደገባ ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ የቤት ሰው የራሱ ስም ተከፍቶለታል። የሂናው ፎልደር የሚታየው ለዱንያ ብቻ ነው፣ በእሷ የይለፍ ቁልፍ።»

«እና ዱንያ ብቻ ናት የከፈተችው?»

«አይደለም። ባለፈው ዓርብ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ሙሉውን ገልብጧል። አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጅቶበታል። በዚሁ ቤት ዋይፋይ ነው የገባው፣ ከሩቅ አይደለም። ስልኩ ግን ከቤቱ ስልኮች አንዱም አይደለም።»

«በማን ስም ገባ?»

ኢየሩስ ድምጿን ቀነሰች። «በሀጂ ስም።»

*

ሀጂ ሽኩር ጭድ ተራ ካለው የፕላስቲክ ዕቃ መደብራቸው ተጠርተው መጡ። ነገሩ ሲነገራቸው ፊታቸው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ነጣ። ከኪሳቸው የቁልፍ ስልካቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

«ይኸው ስልኬ። መደወልና ማንሳት ነው የማውቀው። ዓርብ በዚያ ሰዓት የት እንደነበርኩ መርካቶን ጠይቂ። አንዋር መስጊድ ፊተኛው ሰልፍ ላይ ነበርኩ።»

«እርስዎን አልጠረጠርኩም ሀጂ። ቁልፍዎን ማን ያውቃል ነው የምለው።»

«የምን ቁልፍ?»

ሠርካለም ወደ ኢየሩስ ዞረች። ኢየሩስ ትከሻዋን ሰበቀች። ወይዘሮ ሀፍሷ ከበሩ ጥግ ሆነው ወለሉን ያያሉ። ያኔ ለምን እንደሆነ ለሠርካለም አልገባትም ነበር።

*

ሣጥኑን የገጠመው ይገረም የሚባል ባለሙያ ነው። ጀርባው ላይ ስሙና ስልክ ቁጥሩ ያለበት ቢጫ ወረቀት ለጥፎበታል። ሱቁ አንድ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የተፈታታ ኮምፒውተር እስከ ጣሪያ የተከመረበት ነው። ሠርካለም ገና መታወቂያዋን ስታወጣ ሰውየው ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«ክፈተው» አለችው።

«የደንበኛ ሥራ ነው ኢንስፔክተር…»

«ክፈተው አልኩህ እኮ።»

ተከፈተ። የአሥራ ሰባት ቤት ዝርዝር ነው። ሣጥን የገጠመላቸው፣ ካሜራ የሰቀለላቸው ሰዎች ስም በተርታ ተጽፏል፤ አንዱን ሲነኩት የሰው ሳሎን ብቅ ይላል። አንድ ሽማግሌ በካልሲ ሶፋ ላይ ተኝተዋል። በሌላው ቤት አንዲት ሴት ልጇን ታጠባለች። ሠርካለም ጣቷን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጥገና ነው። ሲበላሽባቸው ከዚህ ሆኜ እንዳስተካክል ነው። ባለሙያ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው።»

«ሴትየዋ ምኗ ተበላሸባት?»

ይገረም ላብ አወጣ። ሠርካለም ይኸን ሰው ባገኘሁት ብላ ነበር ደረጃውን የወጣችው፣ አገኘችው። ካቴናዋንም ነካ አድርጋ ነበር። ሆኖም ዓርብ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበርክ ስትለው ፈጠን ብሎ መለሰ፤ ልደታ አንድ ሕንጻ ላይ ካሜራ ሲሰቅል ነው የዋለው። ኢየሩስ ደውላ የሕንጻውን ቅጂ አስላከች። ሰውየው በተባለው ሰዓት መሰላል ላይ ነው፤ ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ብሎን በጥርሱ ነክሶ ይታያል።

«ሌላውን ነገርህን እንመለስበታለን» አለችው ሠርካለም። «አሁን አንድ ነገር ንገረኝ። የሀጂን ቁልፍ ማን ነው የሚያውቀው?»

«ማንም መግባት ይችላል። ቁልፍ የለውም።»

«ለምን?»

«እኔ አድርጉ ብዬ ነበር። ከሁሉም በላይ ያለው የሀጂ ስም ነው፤ የቤቱ አባወራ ናቸውና ሁሉንም ፎልደር እንዲከፍት አድርጌ ነው የሠራሁት። ቁልፍ ልጻፍበት ስል እናቲቱ ደነገጡ። በአባታቸው ላይ ቁልፍ ይደረጋል? ነውር ነው አሉ። ልጆቹም አዎ አሉ። በአክብሮት ክፍት ተተወ።»

«ይህ ሲባል ማን ማን ነበር?»

«እናቲቱ፣ ሙሽራዋ፣ ወንድምየው። ሀጂ መደብር ነበሩ።»

ሠርካለም ደረጃውን ስትወርድ የወይዘሮ ሀፍሷ አንገት መድፋት ገባት። ሴትዮዋ ከሁሉም ቀድመው ተረድተውታል። በሩን ክፍት ያስተዉት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ በር የገባው ደግሞ ከቤታቸው ሰው ሌላ ሊሆን አይችልም።

*

ሙናዊር ሽኩር ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአባቱ ጋር መደብር ይውላል፤ ጢሙን በየሳምንቱ ያስተካክላል፣ ሲናገር ሰው ትከሻ ላይ እጁን ያደርጋል። የሠርካለም ትከሻ ላይ ግን ሊያደርግ ሲል ዓይኗን አይቶ መለሰው።

«ዓርብ? ከጓደኛዬ ከፉርቃን ጋር አንዋር ነበርን። ውስጡ ሞልቶ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ውጭ በታችኛው በር በኩል አስፋልቱ ላይ ካርቶን አንጥፈን ጎን ለጎን ሰገድን። ጠይቂው።»

«ማን ይመስልሃል ይህን ያደረገው?»

«ያ ገጣሚ ነው እንጂ ማን ይሆናል። የሰው ቤት አስገብተን።» ጢሙን ዳሰሰና ጨመረ። «ግን ኢንስፔክተር፣ እውነቱን ልንገርሽ? ሠርጉ ቢቀር ነው የሚሻለው። አስተማሪ ነው እኮ የምታገባው። በኪራይ ቤት ሊያኖራት።»

ሄዳ ፉርቃንን ጠየቀችው። ፉርቃን አስመጪ ነው። አዲስ የተሠራ ሕንጻ ምድር ቤት ባለ ሁለት በር ሱቅ አለው። ሽቶው ከሰውየው ቀድሞ በር ድረስ ይመጣል። ለዱንያ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሦስት ጊዜ እንቢ መባሉን ራሱ ነገራት፣ ያውም እየሳቀ።

«ቂም የለኝም። ዓርብ አዎ፣ ከሙናዊር ጋር ነበርኩ። ታችኛው በር፣ አስፋልቱ ላይ። ካርቶኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ዱንያን አሁንም ትፈልጋታለህ?»

«ኢንሻአላህ። እኔ እንደ ሌላው ወንድ አይደለሁም። ነገሩ ቢወጣ እንኳ እኔ ስሟን እሸፍናለሁ።»

«የቱ ነገር?»

ፉርቃን ቀለበቱን አሽከረከረ። «ሰው ሲያወራ… ሰፈር ነው መቼም።»

ሰፈር ምንም አላወራም። ዱንያ የነገረችው ለእናቷና ለወንድሟ ብቻ ነው። ሠርካለም ሱቁን ለቅቃ ስትወጣ ያ ሽቶ ኮቷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መንገዱን ሁሉ ትከሻዋን እያራገፈች ሄደች። ያም ሆኖ በእጇ ያለው አንድ የተንሸራተተ ቃል ብቻ ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቃል ሰጥቶ አንዱ ለሌላው ሲመሰክር፣ ሽቶ ሸተተኝ ተብሎ አይታሰርም።

*

ረቡዕ ጠዋት ብቻዋን ወደ አንዋር ሄደች። መርካቶ በዚያ ሰዓት ተሸካሚው፣ ጋሪው፣ ሚኒባሱ እየተጋፋ ነው። ታችኛው በር ስትደርስ ግን መንገዱ ባዶ ነበር። ምክንያቱን አፍንጫዋ ከዓይኗ ቀድሞ ነገራት። አስፋልቱ ከዳር እስከ ዳር ተቆፍሮ፣ ከጉድጓዱ ጥቁር የፍሳሽ ውሃ ፈሶ ተኝቷል። አንድ ክንድ የሚያህል እንጨት ተተክሎ ቀይ ፕላስቲክ ታስሮበታል።

የመስጊዱን ግቢ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ከአጥሩ ሥር ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ይሄ መቼ ተቆፈረ?»

«ያለፈው ሐሙስ። ቱቦ ፈነዳ ብለው ቆፈሩ፣ ከፍተውት ሄዱ። እስከ ዛሬ ያየው የለም።»

«ዓርብ ዕለት በዚህ በኩል ሰው ሰግዷል?»

አዛውንቱ በትዝብት አዩአት። «በነጃሳ ላይ ማን ይሰግዳል ልጄ? ሰልፉን በሙሉ ወደ ላይኛው በር አዞርነው። እኔ ራሴ ነኝ እዚህ ቆሜ የመለስኩት። አንድም ሰው በዚህ አላለፈም።»

ሠርካለም አመሰገነቻቸው። ጉድጓዱን እያየች ጥቂት ቆመች። እነዚያ ሁለቱ ዓርብ ዕለት መስጊዱ ደጃፍ እንኳ ዝር አላሉም። ባይሰግዱ የሷ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን የሶላትን ሰዓት መርጠው፣ አባትየው ግንባራቸውን መሬት ላይ ባደረጉበት ደቂቃ በአባትየው ስም ገብተዋል። ያን ያህል የሚያቅለሸልሽ ነገር ካየች ቆይታለች።

*

ሙናዊርን ከመደብሩ በስተኋላ፣ በባልዲና በጆግ ክምር መሐል ነው ያገኘችው። ኢየሩስ ከበሩ ቆመች። ሠርካለም አልተቀመጠችም።

«ታችኛው በር ላይ ስትሰግዱ ልብስህ አልቆሸሸም?»

«ለምን ይቆሽሻል?»

«ከሐሙስ ጀምሮ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። ጠባቂው ማንንም አላሳለፉም።»

የሙናዊር ቆሌ ተገፈፈ። ፍተሻው ሲጀመር ራሱ ነው በዓይኑ ያመለከታት፤ አንድ የታሸገ የጆግ ካርቶን ደጋግሞ ያያል። ውስጡ ስልኩ ነበር። አዲስ፣ ርካሽ፣ አንድ ሲም ያለው።

«ከውጭ በር ቆሜ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዋይፋዩ እስከዚያ ይደርሳል። ወደ ቤት አልገባሁም።»

«አለመግባትህ ይመዝገብልህ?»

«ላስፈራራት ብቻ ነው። ወላሂ አልለቅም ነበር። እህቴ አይደለች እንዴ? ሠርጉ ቢቀር ፉርቃን ወዲያው ያገባታል። የእሷም ስም ይድናል፣ እኔም…»

«አንተም ምን?»

«ከሱቁ አንዱን በር እሰጥሃለሁ ብሎኛል።»

በአንድ የሱቅ በር። ሠርካለም ጆሮዋን ተጠራጠረች። በዚህ አገር ሰው በብዙ ነገር ሲሸጥ አይታለች፤ ወንድም እህቱን እንደ ዕቃ ናሙና ቆርጦ ለገዢ ሲያሳይ ግን ይሄ የመጀመሪያዋ ነው። ቀጣዩን ጥያቄ መጠየቅ አልፈለገችም፣ ግን ሥራዋ ነው።

«ፉርቃን አይቶታል?»

ሙናዊር ባልዲዎቹን ማየት ጀመረ።

«መልስልኝ።»

«ሁሉንም አላሳየሁትም። የሰው ሚስት አለችበት፣ ነውር ነው። የዱንያን ብቻ ቆርጬ ነው የላክሁለት። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም።»

ነውር ነው ሲል ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። የሚያስመልሰው ደግሞ የምሩን መሆኑ ነው፤ ራሱን እንደ ጨዋ ነው የቆጠረው። ሠርካለም ስልኩን ከኢየሩስ ተቀበለችና የላከውን ቪዲዮ ከፈተች። ሰውየውን ወደሷ ጠራችው።

«ይቺ ዱንያ ናት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ከጎኗ እጇን ይዛ የምትጨፍረውስ?»

ሙናዊር አየ። ሻሻቸውን የጣሉ፣ ሽበታቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ ሴት ናቸው። እየሳቁ ነው። ሲቆርጥ እህቱን ብቻ እያየ አላስተዋላቸውም ነበር። ካርቶኑ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሠርካለም አላዘነችለትም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸጉራቸውን ለባዳ አሳይተው የማያውቁ ሴት፣ በገዛ ልጃቸው እጅ ነው ሽቶ የሚሸተው ሰው ኪስ ውስጥ የገቡት።

ፉርቃን በዚያው ሰዓት ሱቁ ውስጥ ተያዘ። ኢየሩስ ሁለቱንም ስልክ መረመረች። ቪዲዮው ከሁለቱ ስልክ አላለፈም።

*

ሐሙስ ጠዋት ሀጂ ሽኩር ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ጣቢያ መጡ። ዱንያና ወይዘሮ ሀፍሷም ከኋላ አሉ። ሀጂ በአንድ ቀን አምስት ዓመት አርጅተዋል።

«ኢንስፔክተር፣ ውለታሽን አልረሳም» አሉ። «ቪዲዮው ተያዘ፣ ሠርጉም አልቀረም። የቀረው የቤታችን ነገር ነው። ልጄ ጥፋቱን አምኖ እግሯ ላይ ይወድቃል። ወንድሟን አሳስራ ሙሽራ ልትሆን ነው? ዱንያ ቃሏን ታነሳለች።»

«ዱንያ ራሷ ትናገር» አለች ሠርካለም።

ዱንያ አባቷን አየች፣ ሽማግሌዎቹን አየች። አንደኛው ሽማግሌ፣ ልጄ፣ ወንድም አይተካም አሏት ለስለስ ብለው። ሌሊቱን ሙሉ ይኸው ሲነገራት እንዳደረ ከዓይኗ ይታያል። ማንም የሷን ነገር አልጠየቃትም። እሑድ የሚያገባትን ሰው ፊት ምን ብላ እንደምታይ፣ ፉርቃን በመንገድ ሲያልፍ የት እንደምትገባ አንዳቸውም አላሉም። ሠርካለም ዓይኗን ከሽማግሌዎቹ ንጹሕ ነጭ ልብስ ላይ አነሳች።

«እሺ» አለች ዱንያ። «ወረቀቱን ስጪኝ። የት ነው የምፈርመው?»

ሠርካለም ወረቀቱን ገፋችላት። ያለ ተበዳይ ቃል ይህን መዝገብ ወደ ፍርድ ቤት መላክ እንደማትችል ታውቃለች። ዱንያ ብዕሩን አነሳች።

«የማንን ቃል ነው የምታነሺው?» አሉ ወይዘሮ ሀፍሷ።

ሁሉም ዞረ። ሴትዮዋ ከገቡ ጀምሮ አልተናገሩም ነበር።

«የራሷን ነዋ» አሉ ሀጂ።

«የኔንስ?»

«አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ ሀፍሷ?»

«ቪዲዮው ላይ አለሁበት። እሷ ትማረው፣ መብቷ ነው። እህት ናት። እኔ ግን ለማንም አልነገርኩም ምን እንደሆንኩ፣ የጠየቀኝም የለም።»

«ሰው ፊት ነው እኮ ያለነው፣ ተይ» አሉ ሀጂ።

«ሰው ፊትማ ልጃችን አስቀድሞ አውጥቶኛል፣ ሀጂ።»

ወይዘሮ ሀፍሷ መጥተው ዱንያ ከተቀመጠችበት አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ብዕሩን ከልጃቸው እጅ ቀስ ብለው ወሰዱና ለሠርካለም ሰጡአት። እሳቸው መጻፍ አይችሉም።

ሠርካለም አዲስ ቅጽ አወጣች። ቀስ ብላ መጻፍ ጀመረች።

«የአቤቱታ አቅራቢ ስም?»

«ሀፍሷ በድሩ።»

«ዕድሜ?»

«ሃምሳ ዘጠኝ።»

«የተጠርጣሪ ስም?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ አንገታቸውን ደፉ።

«ሙናዊር ሽኩር።»

«ከተጠርጣሪው ጋር ያለዎት ዝምድና?»

ወይዘሮ ሀፍሷ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ አስተካከሉ።

«እናቱ ነኝ» አሉ።